ባለ ስልሳ ቆርቆሮ ቤት፣ ግን ባለ ስንት ሚሊ?

እህቶቼ፣ አገር ቤት አንድ ሰው ቤት ሠራ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ባለ ስንት ቆርቆሮ ነው?» ተብሎ ነው። «የእገሊት ልጅ ከቤሩት ልካ ለእናቷ ባለ ስልሳ ቆርቆሮ ቤት አሠራች» ይባላል። ሰፈሩ ያወራል፣ እናት ቀና ብላ ትሄዳለች፣ እኛም እዚህ ሆነን ፎቶው በዋትሳፕ ሲመጣልን ደስ ይለናል። ደስታው ተገቢ ነው። ግን ቆርቆሮው ስንት ሚሊሜትር ውፍረት አለው ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ብዛቱን እንቆጥራለን፣ ውፍረቱን አንለካም። በረዶ ደግሞ ብዛት አይቆጥርም፤ በረዶ የሚፈትነው ውፍረቱን ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ በአንድ እሑድ ስንሰበሰብ የሰማሁት ወሬ ነው። የአንዷ እህታችን ቤተሰብ ቤት በበረዶ ተመትቶ ስለሷ እያወራን ነበር። አንዷ «የፈጣሪ ቁጣ ነው፣ ሰው ምን ያደርጋል» አለች። ሁለተኛዋ «እኛ ብሩን እንልካለን፣ ስለ ቆርቆሮና ምስማር ወንዶቹ ያውቃሉ» አለች። ሦስተኛዋ «ቆርቆሮ ሁሉ አንድ ነው፣ ርካሹን ገዝቶ በተረፈው ሶፋ መግዛት ነው» አለች። ሦስቱም ጓደኞቼ ናቸው፣ ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ። ሦስቱም ግን ተሳስተዋል። አንድ በአንድ ልመልስ።

«የፈጣሪ ቁጣ ነው»

እኔ የደላንታ ልጅ ነኝ፣ ደቡብ ወሎ። አገሬ ደጋ ነው፤ ወገል ጤና ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እኛ ዘንድ በረዶ እንግዳ አይደለም፣ በበልግም በክረምትም ይመጣል። ጧት ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነጎድጓዱ ይጀምራል፣ ከዚያ ሜዳው ነጠላ የተነጠፈበት ይመስላል። የደረሰ ገብስና ምስር መሬት ላይ አስተኝቶ የሄደበት ጊዜ ብዙ ነው። ሽማግሌዎቻችን ዘመን ሲቆጥሩ «ያ በረዶ የጣለ ጊዜ» ይላሉ፤ ልጅ የተወለደበትን፣ በሬ የተሸጠበትን በሱ ያስታውሳሉ። የአገራችን የበረዶ ታሪክ በብዛት ያለው በነሱ አፍ ነው።

በድሮ ጊዜ በረዶ ይመልሳሉ የሚባሉ ደብተራዎች ነበሩ፤ ገበሬው ከምርቱ ይሰፍርላቸው ነበር። ክርስቲያኑ ይጸልያል፣ እስላሙ ዱዓ ያደርጋል። ይህን አልነካም፤ እኔም ነጎድጓድ ስሰማ አማትባለሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። በረዶው ከሰማይ ነው የመጣው፣ ቆርቆሮው ግን ከሱቅ ነው የመጣው። ከሱቅ ለመጣው ተጠያቂው ሰው ነው።

በረዶ እንዴት እንደሚሠራ ትምህርት ቤት ተምረናል። እኔ አስረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ይህን ግን አልረሳሁትም። ሞቃት አየር እርጥበት ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል። ጠብታው ቀዝቃዛው የደመና ክፍል ሲደርስ ወደ በረዶነት ይለወጣል። ሊወርድ ሲል ከታች የሚመጣው አየር ይይዘውና እንደገና ያወጣዋል፤ ሌላ ውሃ ይለብሳል፣ ያም ይጋገራል። እንዲህ እያለ ያድግና አየሩ መሸከም ሲያቅተው ይወድቃል። ትልቁን በረዶ ለሁለት ብትሰብሩት እንደ ሽንኩርት ንብርብር ሆኖ የምታገኙት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቁጣው እንመለስ። እንደኛ ባለ የሐሩር አገር ሰማይ ላይ ውሃ የሚረጋበት ከፍታ ከባሕር ወለል ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ገደማ ነው። ቆላ ላለ ሰው በረዶው ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ ብዙውን ጊዜ ሟሙቶ ዝናብ ሆኖ ይደርሳል። ደጋ ላለ ሰው መንገዱ አጭር ነው፣ ሳይሟሟ ጣሪያ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ደላንታ ወይም ደብረ ብርሃን በረዶ የሚበዛው ሰዉ ኃጢአተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ቦታው ከፍ ስላለ ነው። ቁጣ ቢሆንማ ቆላው ሁሉ ጻድቅ ነው ማለት ነዋ!

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። በሕንድ አገር በሞራዳባድ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1888 ሚያዝያ ወር የወረደው በረዶ 246 ሰው ገድሏል። በባንግላዴሽ ጎፓልጋንጅ እ.ኤ.አ. በ1986 አንዱ ፍሬ ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን በረዶ ወርዶ 92 ሰው ሞቷል። እነዚህ ሰዎች ከኛ የበለጠ በድለው ነው? አይደለም። በረዶ ሁሌም ነበረ፣ ነገም ይኖራል። የሬዲዮው የአየር ትንበያ እንኳ «በረዶ የቀላቀለ ዝናብ» እያለ ይናገራል እኮ። የሚመጣ መሆኑን የምታውቁትን ነገር ሳትዘጋጁ ጠብቃችሁ ሲመታችሁ «ቁጣ ነው» ማለት ፈጣሪን ማማት ነው።

«ወንዶቹ ያውቃሉ»

ይህ ነው ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ። እህቴ፣ ብሩን የላክሽው አንቺ ነሽ። የሰው ቤት መስኮት ከስድስተኛ ፎቅ ተንጠልጥለሽ የወለወልሽው አንቺ ነሽ። ስለ ቆርቆሮ ለመጠየቅ ሲሆን ግን «ሴት ልጅ ስለ ጣሪያ ምን አገባት»?

የኛን ቤት ታሪክ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት ለእናቴ ጣሪያ የአራት ወር ደሞዜን፣ 800 ዶላር ላክሁ። ለአጎቴም በስልክ «ባለ 30 ጌጅ ይግዙ» አልኳቸው። አጎቴ ታማኝ ሰው ናቸው፣ አንድ ሳንቲም አልነኩም። ከተማ ወርደው አንድ ሱቅ ገቡ፣ ነጋዴው «ይኸው ባለ 30» ብሎ ሸጠላቸው፣ በአህያ አስጭነው ወጡ። ደረሰኝ የሚባል ነገር አልተቆረጠም። ቤቱ ተሠራ፣ ፎቶ ተላከልኝ፣ ብልጭ ብልጭ ይላል።

በሚቀጥለው በልግ ሎሚ የሚያህል በረዶ ወረደ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልቆየም አሉኝ። ነፋስ የመጣበት የምዕራቡ ጎን ጣሪያ ሁሉ እንደ ፈንጣጣ ፊት ሆነ። ለብርሃን ተብሎ መሃል ላይ የገባው የፕላስቲክ ቆርቆሮ ተሰባበረ። ውሃው በዚያ ገብቶ ለዘር የተቀመጠው ገብስ ላይ ወረደ። ጎረቤታችን ያለ አንድ አናጢ መጥቶ ሲያየው «ይሄ ባለ 30 አይደለም» አለ። ከሌላ ቤት የተረፈ እውነተኛ ባለ 30 ቆርቆሮ አምጥተው ሁለቱን በእህል ሚዛን መዘኗቸው። የኛው ሲሶ ያህል ቀለለ። ባለ 35 ነበር። አጎቴ ወደ ሱቁ ሲመለሱ ነጋዴው ምን አላቸው? «ቆርቆሮ ቆርቆሮ ነው አባቴ፣ በረዶ ለመታው እኔ ምን ላድርግ?»

አጎቴን አልወቅስም። በባለ 30 እና በባለ 35 መካከል ያለው ልዩነት የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ወንድ ስለሆኑ በዓይናቸው ሚሊሜትር አይለኩም። ማንም አይለካም። ለዚህ ነው ሚዛን የተፈጠረው። የምወቅሰው በሩቅ አገር የምትለፋ ሴት ልጅን ብር እያየ ቀጭኑን በወፍራም ዋጋ የሚሸጠውን ነው። ሁለተኛ የምወቅሰው «አትጠይቂ» የሚለንን ልማድ ነው። የማትጠይቅ ላኪ ስላለች ነው እንደሱ ያለ ነጋዴ የሚኖረው።

«ቆርቆሮ ሁሉ አንድ ነው»

አንድ አይደለም። በቁጥር ላሳያችሁ። ቆርቆሮ የሚሸጠው በጌጅ ነው፤ ነገሩም የተገላቢጦሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይታለልበታል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮው ይቀጥናል። ባለ 35 የሚባለው ወደ 0.2 ሚሊሜትር ነው። ባለ 32 ወደ 0.25፣ ባለ 30 ወደ 0.3፣ ባለ 28 ወደ 0.4 ሚሊሜትር ነው። «35 ከ28 ይበልጣል፣ ስለዚህ ይሻላል» ብሎ የገዛ ሰው ስንት ነው? ስለዚህ ጌጁን ብቻ ሳይሆን ሚሊሜትሩንም ጠይቁ።

ይህን ከመኪና ጋር አስተያዩት። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ዱባይ ያላችሁ እህቶች ታስታውሳላችሁ፣ አል አይን ከተማ ላይ ትልልቅ በረዶ ወርዶ መኪናዎችን አጎድጉዶ፣ መስታወት ሰብሮ ነበር። የመኪና ገላ ብረት ውፍረቱ ወደ 0.7 ሚሊሜትር ነው። ያ ውድ መኪና ከተጎደጎደ 0.2 ሚሊሜትሩ የእናቴ ጣሪያ ምን ይሁን? ባለ መኪናው ደግሞ ኢንሹራንስ አለው። የእናቴ ኢንሹራንስ እኔ ነኝ።

የበረዶ ጉልበት የሚያድገው በመጠኑ ልክ እንዳይመስላችሁ። የአንዱ በረዶ ስፋት ከሌላው እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ነው፣ በዚያ ላይ ፈጥኖ ይወድቃል፤ ጣሪያውን የሚመታበት ጉልበት አሥራ ስድስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሦስት ሳንቲ ተኩል የሚሆን በረዶ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ፍጥነት ይዞ ነው የሚወርደው። ባለፈው ዓመት ትንሹን የቻለ ጣሪያ ዘንድሮ ትልቁን ይችላል ማለት አይደለም።

ቆርቆሮ ባይቀደድ እንኳ አዳልጦት የሚያልፍ እንዳይመስላችሁ። ዝገት የሚከላከልለት ላዩ ላይ የተቀባው ዚንክ ነው። ብረቱ ሲጎደጎድ ያ ሽፋን ይሰነጠቃል፣ ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል፣ ከዚያ ዝገቱ ሥራውን ይጀምራል። በረዶው አሥር ደቂቃ ነው የቆየው፣ ጉዳቱ ግን ዓመት ቆይቶ በክረምት እናታችሁ አልጋ ላይ ይንጠባጠባል።

«ወፍራሙ ውድ ነው፣ ከየት እናምጣ?» ትሉኛላችሁ። እኔም የናንተው ቢጤ ነኝ፣ የኔም ደሞዝ 200 ዶላር ነው። ግን እስቲ አስሉት። ስልሳ ቆርቆሮ በ0.2 ሚሊ ሲባዛ 12 ነው። አርባ ቆርቆሮ በ0.3 ሚሊ ሲባዛም 12 ነው። የብረቱ መጠን እኩል ነው! ማለትም ባለ ስልሳ ስስ ቆርቆሮ ቤት እና ባለ አርባ ጠንካራ ቆርቆሮ ቤት የሚፈጁት ብረት አንድ ነው። ልዩነቱ አንደኛው ለሰፈር ወሬ የተሠራ ነው፣ ሌላኛው ለእናት የተሠራ ነው። አንድ ክፍል ቀንሱ፣ ውፍረት ጨምሩ። ሶፋው ይቆይ። የሚያፈስ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሶፋ ሁለተኛ ክረምቱን አያይም።

ምን ይደረግ?

ከአናጢዎች ጠይቄ፣ ከኛም ቤት መከራ አይቼ ያወቅሁትን ላካፍል። ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱትና ለቤተሰብ ላኩት።

አንደኛ፣ መዝኑ። አንድ ካሬ ሜትር 0.2 ሚሊ ብረት 1.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ 0.3 ሚሊው 2.4 ኪሎ ገደማ። በሁለት ሜትሩ ቆርቆሮ ሲሰላ፣ አሥሩ ባለ 35 ሠላሳ ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ አሥሩ ባለ 30 አርባ አምስት ኪሎ ገደማ። ይህን ልዩነት የገበያ ሚዛንም ያወጣዋል። ሳይመዘን አይጫን፣ ደረሰኝ ላይም ጌጁ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ጣሪያው ይሹል። ጠፍጣፋ ጣሪያ በረዶውን በደረቱ ይቀበለዋል፣ ከዚያም ያጠራቅመዋል። አሥር ሳንቲ ሜትር የተከመረ በረዶ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 50 ኪሎ ይከብዳል። በየካሬ ሜትሩ አንድ ጆንያ ስሚንቶ ማስቀመጥ ማለት ነው። ተዳፋት ጣሪያ ላይ ግን በረዶው ገፍቶት ይንሸራተታል።

ሦስተኛ፣ ሞራሌው ይቀራረብ። አናጢው እንጨት ለመቆጠብ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ካራራቀው ቆርቆሮው መሃል ላይ ይረግባል። ስልሳ ሰባ ሳንቲ ይበቃዋል። ሁለት ሦስት ሞራሌ የጨመረ ሰው አልከሰረም።

አራተኛ፣ ምስማሩ ጎማ ያለው ይሁን፤ የሚመታውም የቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ የሚወርድበት ጎድጓዳው ላይ አይሁን።

አምስተኛ፣ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ጣሪያ መሃል አታስገቡ። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ መጀመሪያ የሚሰበረውም እሱ ነው። ብርሃን ከፈለጋችሁ ግድግዳው ላይ መስኮት ይጨመር።

ስድስተኛ፣ በልግና ክረምት ሳይገባ አሸንዳው ይጠረግ። ቅጠል የሞላው አሸንዳ በበረዶ ይደፈናል፣ የሟሟው ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ ቤት ይገባል። በረዶ ካለፈ በኋላም አንድ ሰው ይውጣና ይይ። የተላጠው ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ፣ የተበሳው በሬንጅ ይደፈን። ቀዳዳ በትንሽነቱ ነው የሚደፈነው። ኮርኒስ አለን ብላችሁ ደግሞ አትዘናጉ። ኮርኒስ ድምፁን ይቀንሳል እንጂ ቆርቆሮውን አያድነውም።

ሰባተኛ፣ ሽማግሌ ጠይቁ። «በረዶ ሲመጣ ከየት በኩል ነው? የትኛውን ጎን ነው የሚመታው?» በሉ። ብር ካጠረ ቢያንስ ያኛው ጎን ወፍራም ይልበስ። እኛ ቤት በኋላ የተደረገው እንዲህ ነው። የምዕራቡ ጎን ብቻ ተመዝኖ በተገዛ ባለ 28 ተቀየረ፣ ከዚያ ወዲህ በረዶ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄዷል።

አንዳንዷ «ድሮ የሳር ቤት ይሻል ነበር» ትላለች። እውነት አላት፤ ወፍራም የሳር ክዳን በረዶን እንደ ትራስ ይቀበላል፣ ሹልም ስለሆነ አይከመርበትም። አባቶቻችን የሠሩትን ያውቁ ነበር። ቆርቆሮ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው፣ የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ማጓጓዙ ቀለለ። ታዲያ ቆርቆሮውን ስንቀበል የሳሩን ሹልነትና ውፍረት ነው የጣልነው። ወደ ሳር እንመለስ አልልም። ሳሩም የለም፣ እሳትም ይፈራል፣ በየጥቂት ዓመቱ መከደንም አለ። ከሳር ቤት የምንማረውን ግን እንማር። «ለምን ኮንክሪት አይሆንም?» ለምትለኝ ደግሞ፣ አቅም ላላት ይሁን። ብዙዎቻችን ግን ያን ያህል ዓመት የሰው ቤት እንድንቆይ አልፈልግም።

ማኅበራችንን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ስለ ደሞዝና ስለ ወረቀት እንደምንነጋገረው ሁሉ የላክነው ብር አገር ቤት ምን እንደሆነም እንነጋገር። ደሞዛችንን የከለከለን አሠሪ ሌባ ነው ካልን፣ ባለ 35ን ባለ 30 ብሎ የሸጠልንም ሌባ ነው። አንድ ደብተር እንክፈት። እያንዳንዳችን በየወረዳችን በረዶ የጣለበትን ወርና ዓመት፣ የመጣበትን አቅጣጫ፣ የፍሬውን መጠን፣ ጣሪያችን ባለ ስንት እንደነበረና ምን እንደሆነ ከቤተሰብ ጠይቀን እንጻፍበት። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ታሪኩ አብሮ እንዳይቀበር፣ ነገ የምትልከዋ ልጅም በጭፍን እንዳትልክ።

እስከዚያው ድረስ፣ እህቴ፣ ሐዋላ ቤት ገብተሽ ብሩን ከመቁጠርሽ በፊት ደውዪና ሦስት ነገር ጠይቂ። ስንት ሚሊ ነው? ማን መዘነው? ሞራሌው ስንት ሳንቲ ነው የተራራቀው? «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ካሉሽ፣ «ከፋይዋ እኔ ነኝ» በያቸው። መልሱ እስኪመጣ ብሩ ኪስሽ ውስጥ ይቆይ።